ጭራ ያበቀሉ ፋኖሶች

እስክንድርያ፣ ኦክቶበር 9፣ 2016

ውድ ጂላን፣

በአስዋን ሙቀት ውስጥ ጤናሽ እንዴት እንደ ሆነ ለማወቅ እፈልጋለሁ። እኔ ከጆሮዬና ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጆሮዬ ግን ከእንግዲህ ስልክ ለማንሣት እንደማያገለግል ለአባትሽ ለሐምዲ ንገሪልኝ። ሐሙስ ዕለት ደውሎ ሩብ ሰዓት ያህል ጮኸ፤ ምን እንዳለ እስካሁን አላወቅሁም። የሚፈልገውን ይጻፍልኝ። ማንበብ አልተሳነኝም።

ደብዳቤሽን ከዚህ ጋር መልሼልሻለሁ። ሰባት ቦታ ላይ በቀይ አስምሬአለሁ። የሀያ ሰባት ዓመት ሴት፣ ያውም በቀዶ ሕክምና ክፍል የምትሠራ ነርስ፣ ደብዳቤዋን ቀን ሳትጽፍ አትጀምርም። የትምህርት ቤት ዕረፍትሽን እኔ ዘንድ ስታሳልፊ ይህን አስተምሬሽ ነበር።

ስለ ዓይንሽ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። መነጽር ከዐሥር ዓመትሽ ጀምሮ አብሮሽ ኖሯል፤ ነውርም የለበትም። ዓይንሽን አሠርተሽ ለመገላገል እስክትፈልጊ ድረስ ለምን አሁን እንዳስጠላሽ አልገባኝም። ሐኪሙ ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንዳለሽ፣ ምን እንደሚቆርጥ በዝርዝር ጻፊልኝ። "ቀላል ነገር ነው" የሚለውን ግን ተዪው። ዓይን ላይ የሚደረግ ቀላል ነገር የለም።

በዘር ስለሚወርድ የዓይን በሽታ የጠየቅሽኝን የመጨረሻ ጥያቄ በተመለከተ፦ አያትሽ ኢጅላልም፣ ታላቋ እኅታችን ዊዳድም ስላለፉ የምትጠይቂው ሰው ቴታ፣ አያቴ፣ እያልሽ የምትጠሪኝ እኔ ብቻ መሆኔን አውቃለሁ። በቤተሰባችን እንዲህ ያለ የዓይን በሽታ ያለበት ሰው አልነበረም። የዊዳድ ዓይን በልጅነቷ በትራኮማ የተበላሸ ነው። በዚያ ዘመን ትራኮማ ያላንኳኳው በር በግብፅ አልነበረም። ለሐኪምሽ እንዲሁ ብለሽ መልሺ።

እጅሽን ከዓይንሽ አርቂ። ይህን በመቶኛው ጊዜ ነው የምልሽ።

የምታስብልሽ፣
ነዚሃ


አስዋን፣ ኦክቶበር 21፣ 2016

ለተከበሩ ቴታ ነዚሃ፣

ቀኑን ከላይ እንዳዩት ተስፋ አደርጋለሁ። ሰባቱ ቀይ መስመሮች ደርሰውኛል፤ አራቱን አምኛለሁ፣ በሦስቱ ላይ ስንገናኝ እንከራከራለን። ለአባቴ ነግሬዋለሁ። ያን ዕለት የጮኸው መውሊድን እኛ ዘንድ እንዲያሳልፉ ሊለምንዎ ነበር።

መነጽሩ ለምን እንዳስጠላኝ ጠይቀውኛል። ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተው ቢያዩኝ ባልጠየቁኝ ነበር። አፌንና አፍንጫዬን ሸፍኜ ስተነፍስ እንፋሎቱ ሽቅብ ይወጣና መነጽሩን ያለብሰዋል። እጄ ንጹሕ ጓንት ውስጥ ነው፤ ልጠርገው አልችልም። ባለፈው ሳምንት ቀዶ ሐኪሙ መቀስ ሲለኝ መቆንጠጫ አቀበልኩት። "ጂላን፣ ይህን ለቅንድብሽ አስቀምጪው" አለኝ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ባልደረባዬ ሐናእ እየመጣች መነጽሬን ስትወለውል "እንደ መኪና መስታወት መጥረጊያ እናስገጥምልሽ" ትለኛለች። እሷ ትቀልዳለች፣ እኔ ግን ጠረጴዛው ላይ የተኛውን ሰው አስባለሁ። የዓይን ሌንስ ደግሞ በዚህ አቧራ አንድ ቀን አያውልም።

የዓይን ሐኪሙ ካይሮ ነው፤ የተረጋጋ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ቀላል ነው አላለኝም። ከዓይናችን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ኮርኒያ ይባላል፤ የሌዘር ጨረር ከእሱ ላይ በጣም ጥቂት ይልጋል፣ በዚያ ነው እይታው የሚስተካከለው። ሊያጋጥም የሚችለውን አንድ በአንድ ነገረኝ። ዓይን ለወራት ይደርቃል። መብራት ዙሪያ ቀለበት ይታያል። ሲረጁ የንባብ መነጽር አይቀርም። አልፎ አልፎ ቁስለት አለ። ከሁሉ እምብዛም የማያጋጥመውንና ክፉውን መጨረሻ ላይ ነገረኝ፤ ኮርኒያው ከተፈጥሮው ደካማ ከሆነ፣ ከተላገ በኋላ የቀረው አይችልም፤ እየተለጠጠ ወደ ፊት ይወጣል።

የኮርኒያውን ቅርጽ በመሣሪያ ለክተው እንደ ካርታ ያነሡታል። የቀኝ ዓይኔ ካርታ እንከን የለውም። የግራው ከታች በኩል ትንሽ ወጣ ያለ ይመስላል። አልፎ አልፎ ከምሞክረው ሌንስ ሊሆን ይችላል ብሎ ሦስት ሳምንት አስወልቆኝ እንደገና ለካው፤ ተሻሽሏል፣ ግን አልጠፋም። ያን ጊዜ እስክሪብቶውን አስቀመጠና፦

"በቤተሰብሽ አንድ ሰው እንኳ ካለ አልነካሽም። ከሌለ፣ የመነጽርሽ ቁጥር ለሦስት ዓመት ስላልተለወጠ፣ እሠራዋለሁ" አለኝ።

የእርስዎን ደብዳቤ አሳየሁት። በጥንቃቄ አነበበው።

"እኚህ ሴት አስተማሪ ነበሩ?"

"ርእሰ መምህርት።"

"ጽሕፈታቸው ያስታውቃል። እንግዲህ ይታመናል" ብሎ ፈገግ አለ።

ቀኑ ኖቬምበር 10 ነው። እጮኛዬ ወሲም በመኪና ይወስደኛል። መነጽሬን እንደሚወደው ይናገራል፤ ይህም ስሠራ አይቶኝ ስለማያውቅ ነው።

እጅዎን እስማለሁ፣
ጂላን


እስክንድርያ፣ ኦክቶበር 30፣ 2016

ውድ ጂላን፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ቀን ሆነው። በዚህ ጊዜ ምንም አላሰመርሁበትም።

ሐኪምሽ ስለ ጽሕፈቴ የተናገረውን አነበብሁ። ባይናገረው ይሻል ነበር። ለሐናእ ቀልዷን እንደ ወደድሁት ንገሪያት።

እዚህ ባሕሩ መታመስ ጀምሯል። በኖቬምበር አጋማሽ "መጥረጊያው" የምንለው ማዕበል ይመጣል፤ የእኔ ሕንፃ ደጃፍ እንደ ልማዱ በውኃ ይሞላል። በዚህ ወቅት ዓይን ተከፍቶ መንገድ መውጣት መልካም አይመስለኝም። ነገሩን እስከ ጸደይ አቆዪው። እስከዚያም ያን የግራ ዓይን ካርታ ሁለት ጊዜ ያንሡልሽ፣ ሌላ ሐኪምም ይየው። አንድ ወቅት መቆየት ማንንም አልጎዳም።

ምክንያቱን አትጠይቂኝ። ዓርብ ዕለት ረጅም ደብዳቤ ጀምሬልሽ ነበር። ሁለት ገጽ ከጻፍሁ በኋላ ቀደድሁት፤ በደንብ አልተጻፈም ነበርና።

ይልቅ እስከ ጸደይ እንደምትቆዪ አንድ መስመር ጽፈሽ ላኪልኝ።

ነዚሃ


አስዋን፣ ኖቬምበር 18፣ 2016

ለተወደዱ ቴታ ነዚሃ፣

ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ አልቆየሁም። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ልንነሣ ስንል ነው፤ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ሄድኩ። ወሲም መንገድ ላይ መኪናውን አቁሞ ጮክ ብሎ አነበበውና "የእስክንድርያ ማዕበል ካይሮ ድረስ ይመጣል እንዴ?" አለ። እኔም ግራ ገባኝ። በልጅነቴ ምክንያት የሌለው መልስ ስሰጥዎ ቁሜ እንድደግመው ያደርጉኝ ነበር፤ እርስዎ ምክንያት ሳይጽፉ አቆዪው ሲሉ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ልብዎ ስለ ፈራልኝ ነው ብዬ ተረዳሁት፤ ተሳስቼ ይሆን?

እንዴት እንደ ነበር ልንገርዎ። ከእኔ በፊት አራት ሰዎች ነበሩ። ሕመም የለውም፤ መጫን ብቻ አለ፣ ከዚያ ለጥቂት ሰከንድ ሁሉ ነገር ይጠፋል። የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ ሸተተኝ። ሐኪሙ "አረንጓዴዋን ነጥብ እያየሽ ቆዪ፣ ሌላ ምንም እንዳትሠሪ" አለኝ። "እኔ በዚህ ክፍል ምንም ሳልሠራ ተኝቼ አላውቅም" አልኩት። "ዛሬ ተለማመጂው" አለኝ።

በማግሥቱ ማሰሪያው ሲነሣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስንት እንደሚል አነበብኩ። ቴታ፣ ከአልጋዬ ሳልነሣ ሰዓት ሳነብ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። አስዋን ስመለስ ከወንዙ ዳር ቆሜ ማዶ ያለውን የዘንባባ ቅጠል አንድ በአንድ አየሁ። ዛፍ እንደ አረንጓዴ ደመና ሳይሆን በቅጠል የተሠራ መሆኑን እስክረሳው ድረስ ቆይቻለሁ ለካ። ወሲም ለምን እንደማለቅስ ጠየቀኝ። ጠብታው ነው አልኩት።

ዓይኔ ይደርቃል፤ በየሁለት ሰዓቱ አንጠበጥባለሁ። ይህ እንደሚሆን ነግረውኝ ነበር።

ከእንግዲህ ቀይ መስመሮችዎን ያለ መነጽር አያቸዋለሁ።

ልጅዎ ጂላን


እስክንድርያ፣ ዲሴምበር 4፣ 2016

ውድ ጂላን፣

እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ ቅጠሎቹ የጻፍሽውን ለጎረቤቴ ለወይዘሮ ኢንሻራህ አነበብሁላት፤ አለቀሰች። እኔ አላለቀስሁም፣ ግን ያን ዕለት እንቅልፍ ተኛሁ፤ ከአንድ ወር በኋላ የመጀመሪያው ነበር።

አልተሳሳትሽም፤ ልቤ ፈርቶ ነው። አልፏል። ስለዚህ ነገር ከእንግዲህ አንጻጻፍም።

የላክሁልሽ ሹራብ የአያትሽ ነው። ለአስዋን ይከብድ ይሆናል፣ ቢሆንም ያዢው።

ነዚሃ


አስዋን፣ ጁን 8፣ 2017

ለተከበሩ ቴታ ነዚሃ፣

ረመዳንን በጤና እንደ ያዙት ተስፋ አደርጋለሁ። ሐኪምዎ እንዳይጾሙ እንዳዘዘዎ፣ እርስዎም እንዳልሰሙት ከአባቴ ሰምቻለሁ።

ጽሕፈቴ ለምን እንዲህ እንዳደገና ለምን ከመስመሩ እንደሚወጣ ጠይቀዋል። ሁለት ደብዳቤ ሙሉ አልመለስኩልዎም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለዚህ ነገር አንጻጻፍም ስላሉ ዝም ያልኩ አስመስዬ ነበር። እውነቱ ግን ስጽፈው እውነት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነው።

ከማርች ጀምሮ የግራ ዓይኔ እንደ በፊቱ አይደለም። ፊደሎች ጥላ አላቸው፤ ከእያንዳንዱ በታች ሌላ የገረጣ ፊደል አለ። መጀመሪያ ድካም ነው አልኩ። ካይሮ ደውዬ ስጠይቅ "ድርቀት ነው፣ ጠብታውን ጨምሪ" አሉኝ። እዚህ ያየኝም ሐኪም እንዲሁ አለ። ድርቀት ይሆናል እንግዲህ፤ ያሳክከኛል፣ ሳላውቀው አሸዋለሁ። ስለ እጄ የሚሉትን አውቃለሁ።

ረመዳን ሲገባ የሰፈራችን ልጆች መንገዱን ከዳር እስከ ዳር በፋኖስ ሞሉት። ለሐናእ "ዘንድሮ ፋኖሶቹን ጭራ ያላቸው አድርገው ነው የሠሩት?" አልኳት። "የምን ጭራ?" አለች። ግራ ዓይኔን ስሸፍን ጭራው ይጠፋል፣ ስገልጥ ይበቅላል፤ ሁሉም ወደ ታች፣ ወደ አንድ አቅጣጫ። ጨረቃዋም ሦስት ናት። ወሲም "ሌላው ሰው የዒድ ጨረቃን ፍለጋ ይቸገራል፣ አንቺ ሦስት አለሽ" ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። ሳቅሁለት። አንድ ትበቃኝ ነበር።

ሥራ ላይ መሣሪያ ከማቀበል ራሴን አገለልኩ። ማንም አላዘዘኝም። ነገ ይሻለኛል እያልኩ ነው።

ጂላን


እስክንድርያ፣ ጁን 12፣ 2017

ጂላን፣

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። የወይዘሮ ኢንሻራህ ባል በአስዋን ባቡር ላይ ተቆጣጣሪ ነው፤ በእጅሽ ካልሆነ ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። ሰላምታውን እዘለዋለሁ። መጀመሪያ የሚያስፈልግሽን ልጻፍ፣ የእኔ ነገር ይከተላል።

ድርቀት አይደለም። ይህን እንዳነበብሽ ወደ ካይሮ ሂጂ፤ ቀጠሮ አትጠብቂ። ካርታው እንደ ገና ይነሣ። ለሐኪሙ "በቤተሰቤ አለ፤ ሦስት ሰው" በይው። ዓይንሽን አትሺ፤ ብታሳክክሽ እጅሽን ከሥርሽ አድርጊና ተቀመጪበት። ትናንት እዚህ ወዳለ የዓይን ሐኪም ሄጄ ጠይቄአለሁ። በእኛ ዘመን መድኃኒት አልነበረውም፤ አሁን በጊዜ ከተደረሰበት ባለበት ሊያቆሙት ይችላሉ። "በጊዜ" የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ተናገረው፤ በወረቀት ላይ ጽፎ እስኪያሳየኝ ድረስ።

አሁን የእኔ።

በ1956 በረመዳን ከሰገነታችን ላይ ቆመን ሳለ ዊዳድ "ነዚሃ፣ ፋኖሶቹ ጭራ አበቀሉ" አለችኝ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሳቅሁባት። አንቺ ያንኑ ቃል ስትጽፊልኝ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ አላነሣሁትም።

አባቴ ወደ አንድ ግሪካዊ የዓይን ሐኪም ወሰዳት። ሐኪሙ ፈረንሳይኛ ነበር የሚናገረው፤ በመነኮሳይያት ትምህርት ቤት የተማርሁ ስለ ሆንሁ እኔ አስተረጎምሁ። የዓይኗ ፊት እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት እየወጣ ነው አለ። ማሸት ያባብሰዋል አለ። በዘር ይወርዳል፣ ሌሎቹን ልጆች አምጡልኝ አለ። አባቴ ደንግጦ ስለ እናቱ ስለ ቀድሪያ ነገረው፤ በርና የበር ጥላ መለየት አቅቷት የሞተች ናት። ስለ ወንድሙ ስለ ፈትሒም ነገረው። ይህን ሁሉ በአንደበቴ ወዲያና ወዲህ አመላለስሁት። ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ቤት ስንገባ እናቴ ሰማችና "ትራኮማ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ትራኮማ ነው። ትራኮማ ማንንም አያሳፍርም" አለች። ሦስት ሴት ልጆች ነበሩባት።

አያትሽ ኢጅላል ዐሥራ ስምንት ሲሞላት ከጣንታ ለጋብቻ ጠያቂ መጣ። የልጁ አክስት ዊዳድን አይታ ነበርና ስለ ዓይኗ ጽፋ ጠየቀች። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ እሷ እየተናገረች እኔ ጻፍሁ። "የእኅቷ ዓይን በልጅነት ትራኮማ የተበላሸ ነው፤ በቤተሰባችን ሌላ የለም።" ከዚያ በፊት እንዲህ አሳምሬ ጽፌ አላውቅም። ኢጅላል ተዳረች፣ አባትሽ ተወለደ፣ አንቺ ተወለድሽ። ያ ውሸት ባይኖር አንቺም አትኖሪም ነበር። ይህን የምጽፈው እንደ ማመካኛ አይደለም፤ ማመካኛ የማይሆን እውነት ነው።

ለእኔም ጠያቂ መጥቶ ነበር። ስለ ራሴ ያንኑ ደብዳቤ ለመጻፍ እጄ እንቢ አለ፤ እውነቱን እንዳልጽፍ ደግሞ ኢጅላል ተድራ ነበር። ሰውየውን መለስሁት። በዚያ ዕዳዬን የከፈልሁ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ኦክቶበር ስትጠይቂኝ ያው ዐረፍተ ነገር ቃል ሳይለወጥ ከእጄ ወጣ። ስልሳ ዓመት ሲደጋገም ለካ የማስታወስን ያህል ቀሎ ነበር። ሐኪምሽ "ከሌለ እሠራዋለሁ" ማለቱን ስትጽፊልኝ ግን አውቄ ነበር። ለመናገር ሁለት ሳምንት ነበረኝ። ስለ ማዕበል ጻፍሁልሽ።

ይቅርታ የሚለውን ቃል አልጽፍም። መጀመሪያ ዓይንሽ።

ነዚሃ


እስክንድርያ፣ ጁላይ 6፣ 2017

ውድ ጂላን፣

ፖስታሽ ከዒድ በኋላ ደረሰኝ። በውስጡ ያገኘሁት የራሴን የኦክቶበር ዘጠኙን ደብዳቤ ብቻ ነው፤ አንድ ዐረፍተ ነገር በቀይ ተሰርዟል። ሌላ ምንም አልጻፍሽም። ዐርባ ዓመት የልጆች ደብተር ሳርም ኖሬአለሁ፤ ከዚህ የተሻለ እርማት አላስታውስም።

መልስ ስላልጠየቅሽኝ የምሰጥሽ መልስ የለም። ያደረግሁትን ግን ልንገርሽ። ለዐሥራ አንድ ቤት ጽፌአለሁ፤ ጣንታ፣ ዳምየታ፣ ካይሮ፣ እዚሁም። አንዱን ቅጂ አያይዤልሻለሁ። አጭር ነው፦

"በቤተሰባችን በዘር የሚወርድ የዓይን በሽታ አለ። የነበረባቸው፦ ቀድሪያ፣ የአባቴ እናት። ፈትሒ፣ የአባቴ ወንድም። ዊዳድ፣ እኅቴ። ትራኮማ አልነበረም። ትራኮማ ነው ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ዓይናቸውን የሚያሹ ልጆቻችሁን አስመርምሩ፤ ማንም ይህን ሳያውቅ ዓይኑን በጨረር እንዳያሠራ።"

ያንቺን ስም አልጻፍሁም። ስምሽ ያንቺ ነው።

የወንድሜ ልጅ ሙርሲ አራት ፎቅ ወጥቶ መጣ። ጆሮዬ ላይ አፉን አድርጎ "አክስቴ ነዚሃ፣ ማን ጠየቀሽ? ሁለት ያላገቡ ሴት ልጆች አሉኝ እኮ" ብሎ ጮኸ።

"አስመረመርሃቸው?" አልሁት።

"ነገሩ እሱ አይደለም።"

"ነገሩ እሱ ብቻ ነው። ድምፅህን ዝቅ አድርግ፤ ይህን ያህል እሰማለሁ።"

ያቀረብሁለትን ሻይ ሳይጠጣ ወረደ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ካርታው ምን እንዳለ አንድ መስመር ጻፊልኝ። ሐምዲ ሲጮህብኝ ድምፁን እንጂ ቃሉን አልሰማም፤ ድምፁ ግን ደኅና አይደለም።

ነዚሃ


አስዋን፣ ሴፕቴምበር 20፣ 2017

ለቴታ ነዚሃ፣

ሁለት ወር ከግማሽ አስጠበቅኩዎ። መጻፍ አቅቶኝ አልነበረም፤ እንዲጠብቁ ፈልጌ ነው። አሁን ይብቃ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግሥት ካይሮ ነበርኩ። የግራው ወጥቷል፤ ካርታው ላይ ከታች በኩል ቀይ ኮረብታ አለ። ቀኙ ገና ነው። ሐኪሙ የኦክቶበሩንና የጁኑን ደብዳቤ ጎን ለጎን አስቀመጠ። እኔ እርስዎን ይሰድባል ብዬ ጠበቅኩ። "የዚያን ቀን ካርታው ራሱ ሲያጠራጥረኝ፣ ደብዳቤ ጥርጣሬዬን እንዲያስወግድልኝ ፈለግሁ። ማርች ላይም ስትደውዪ ሳላይሽ ድርቀት ነው ማስባል አልነበረብኝም" አለ። ከእኔ በፊት ጠረጴዛው ላይ የወጡት አራቱ ሰዎች ሁሉም ደኅና ናቸው፤ ጠይቄዋለሁ። ያለ መነጽር ይነዳሉ። ለእነሱ ቅጠሉ ቅጠል ሆኖ ቀርቷል።

ዓይኔ ላይ የቫይታሚን ጠብታ አፍስሰው ሐምራዊ ብርሃን አበሩበት። ኮርኒያውን ያጠነክረዋል፤ የተለጠጠውን ግን አይመልሰውም። አራት ቀን አመመኝ። በኦገስቱ ልኬት አልተንቀሳቀሰም፤ ትናንት በለኩትም እንዲሁ። ቆሟል ለማለት አንድ ዓመት መጠበቅ አለባቸው። አሁን ግራው ላይ ጠንካራ ሌንስ አደርጋለሁ፤ በእሱ ጨረቃዋ አንድ ተኩል ናት። መሣሪያ ወደ ማቀበል አልተመለስኩም። በሽተኞችን ከማደንዘዣ ሲነቁ እቀበላለሁ፤ ሐናእ "የመጀመሪያ የሚያዩት ፊት ያንቺ ከሆነ መልሰው ይተኛሉ" ትላለች።

እጄን ስለ መቱኝ ልጽፍልዎ ለረጅም ጊዜ ሳስብ ነበር። ዓይኔን ባሸሁ ቁጥር በማስመሪያ ጣቶቼን ይመቱኝ ነበር፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ። ሥርዓት የሚያስተምሩኝ ይመስለኝ ነበር። ደብዳቤዎን ሳነብ ያ ማስመሪያ ትዝ አለኝ። ያን ጊዜም ያውቁ ነበር ማለት ነው። ጣቴን ለመምታት በቂ ያህል ያውቁ ነበር፣ ለመናገር ግን አይደለም። ከውሸቱ ይልቅ ይህን ነው ሳመላልሰው የከረምኩት። ደግሞ ባይመቱኝ ኖሮ ኮረብታው ቀደም ብሎ ይወጣ ነበር ይሆን? ሐኪሙ "ሊሆን ይችላል" አለኝ። ከዚህ ጋር ምን እንደማደርግ አላውቅም። ስለዚህ እንዲያውቁት ብቻ ጻፍኩት።

የወሲም እናት ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር። መንደሪን ይዘው መጡ፣ ጉንጬን ሳሙኝ፣ ከዚያ ወንበራቸውን ቀረብ አደረጉና "ልጄ፣ ሰው ሲጠይቅሽ ድርቀት ነው በይ። አስዋን ውስጥ ዓይኑ ያልደረቀ ማን አለ?" አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም። እናትዎም እንዲህ ባለ ለስላሳ ድምፅ ይሆናል የተናገሩት ብዬ አሰብኩ። ተነሥቼ የደብዳቤዎን ቅጂ አምጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ መንደሪኑን ሳይልጡ ሄዱ። ወሲም ማታውኑ መጣ፤ "ሁሉንም አንብቤዋለሁ። እናቴን ለእኔ ተዪልኝ" አለ። እስካሁን አለ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አባቴ ከዳምየታ ዜና አለው። የአጎቱ ልጅ ደብዳቤዎን እንዳገኘች የዐሥራ አራት ዓመት ልጇን አስመረመረች፤ ልጅቷ ዓይኗን የምታሽ ናት። ሁለቱም ላይ ጀምሯል፤ ገና ነው፣ እይታዋ አልተነካም። በሚቀጥለው ሳምንት ያጠነክሩላታል። እናቷ ግን ልጅቷ ፈርታ እየተንቀጠቀጠች ነውና ያለፈበት ሰው ይጻፍላት ብላ ላከችብኝ።

ልጻፍላት ተቀመጥኩና የእርስዎን ዝርዝር ከፊቴ ዘረጋሁ። ሦስት ስም አለ፤ ሦስቱም ሞተዋል። ለአንዲት ልጅ ሦስት የሞቱ ሰዎችን ብቻ መላክ ከበደኝ። ከዊዳድ በታች አራተኛውን ስም ጨመርኩ፦ "ጂላን፣ የሐምዲ ልጅ፤ በሕይወት አለች፣ ታያለች።" በአጠገቤ የነበረው ቀይ እስክሪብቶ ነው፤ ጽሕፈቱም ከመስመሩ ወጥቷል።

አንዱን ቅጂ ልኬልዎታለሁ። ቢያርሙት አልቀየምም።

ጂላን